ኮምቦልቻ ላይ አላብብ ያሉት የድሬዳዋ ዛፎች፦ የአንድ ግቢ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የኮምቦልቻ ነው። ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው ሜዳ ላይ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ከስምንት ዓመት በፊት 12 የድሬዳዋ ዛፎች አጥሩን ተከትለው በአንድ መስመር ተተከሉ። የግቢው ባለቤት ያቀረቡት አቤቱታ ሦስት ነው። አብዛኞቹ ዛፎች አያብቡም። ክረምት መግቢያ ላይ በተነሣ ነፋስ ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ተሰንጥቀው ወድቀዋል። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ተነሥቷል፣ የብሎኬት አጥሩም ተሰንጥቋል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ሁሉም ይቆረጡ ወይስ ይድናሉ?

የድሬዳዋ ዛፍ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዴሎኒክስ ሬጂያ፣ የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። በበጋ ቅጠሉን ከሚያረግፈው የዚያች ደሴት ደረቅ ደን ወጥቶ ዛሬ ሞቃት አገር በሆነ ሁሉ ለጌጥ ይተከላል። የመጀመሪያው ሳይንሳዊ መግለጫ የታተመው በ1829 እ.ኤ.አ. ነው። ጠባዩ ሁሉ ከዚያ ደን የመጣ ነው፦ ረዘም ያለ ደረቅ ወቅት ይፈልጋል፣ በዚያ ወቅት ቅጠሉን ጥሎ ያርፋል፣ ሙቀቱ ሲያይል ከአዲሱ ቅጠል ጋር ወይም ቀድሞት ያብባል። አበባው አምስት ቅጠል አለው፤ አራቱ ደማቅ ቀይ ሆነው ይዘረጋሉ፣ አምስተኛው ቀና ብሎ ይቆምና ነጭና ቢጫ ዝንጉርጉር ይሆናል። ዛፉ ከቁመቱ ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል። 10 ሜትር የማይሞላ ዛፍ አናቱ 12 ሜትር ሲዘረጋ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ስፋት ችግኝ ሲተክል የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ዛፎቹ ከመሄዳችን በፊት የቦታው ከፍታ ይታይ፤ «አያብብም» የሚል አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ለዚህ ዛፍ የሚመቸው ከባሕር ወለል እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ያለው ቦታ ነው። ባቲና ከሚሴ 1,500 ሜትር አካባቢና ከዚያ በታች ስለሆኑ አንደኛ ደረጃ ቦታ ናቸው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከድንበሩ ቀረብ ብላለች፤ ዛፉ ይበቅላል፣ ያብባልም፣ ነገር ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ለጋ ችግኝን ይጎዳል፣ የመጀመሪያ አበባውንም ከቆላው ያዘገያል። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚያ ይህን ዛፍ መትከል ድካም ነው፤ ደሴ ላይ ያለ ሰው የአገሩን ኮሶ ቢተክል የተሻለ ዛፍም የተሻለ አበባም ያገኛል። ለዚህ ግቢ ግን ከፍታው ምክንያት ሊሆን አልቻለም። ከ12ቱ ሁለቱ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቅጠላቸው እስከማይታይ ድረስ ያብባሉ፤ የእነሱ ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊት አይሞቅም።

ያሉት ችግኞች በሙሉ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ፣ ከአንድ መደብ፣ በአንድ ቀን የመጡ ናቸው። ከዘር የበቀለ ዛፍ እርስ በርሱ መለያየቱ ባይቀርም፣ ልዩነቱ ቦታ ለይቶ ከመጣ ምክንያቱን ከዘሩ ይልቅ ከቦታው መፈለግ ይሻላል። እዚህ ግቢ ውስጥ ልዩነቱ ቦታ ለይቶ መጥቷል። ዛፎቹ በሦስት ይከፈላሉ።

ከበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጠጠር በፈሰሰበት የመኪና ማቆሚያ ዳር የቆሙ ናቸው። ውሃ የሚያጠጣቸው የለም፣ አናታቸውም ተቆርጦ አያውቅም። የሚያብቡት እነዚህ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት አራቱ በሣር መስክ ውስጥ ናቸው። ሣሩ ከኅዳር እስከ ሰኔ ጠዋትና ማታ በጎማ ይጠጣል፣ በዓመት ሁለት ጊዜም ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ይበተንበታል። እነዚህም አናታቸው አልተነካም፤ ያላቸው አበባ ግን ፀሐይ በሚመታቸው ጫፎች ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ዘለላ ነው። የቀሩት ስድስቱም በዚያው የሣር መስክ ላይ ናቸው፤ በላያቸው ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል። ሽቦው ላይ እንዳይደርሱ ተብሎ ሦስት ሜትር ላይ አናታቸው ደጋግሞ ተቀንጥሷል። አንድም አበባ አውጥተው አያውቁም።

ይህ ክፍፍል ሁለቱን ምክንያቶች ይለያቸዋል። አናታቸው ያልተቆረጠው አራቱም በደንብ አለማበባቸው ጥፋቱ የመጋዙ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ውሃውና ዩሪያውም ድርሻ አላቸው። ስድስቱ ደግሞ ጥቂቱን አበባ እንኳ ማጣታቸው መጋዙ በውሃው ላይ የጨመረው ነው።

የካቲት ላይ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው። የበሩ ዛፎች ቅጠላቸው ሙሉ በሙሉ ረግፎ፣ እስከ ግማሽ ሜትር የሚረዝም ጥቁር ቡናማ፣ እንጨት የመሰለ ጠፍጣፋ የዘር ቆባቸው ብቻ ተንጠልጥሎ ይታያል። የሣሩ ዛፎች ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል እንደለበሱ ናቸው። ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ጫፉን ላየ ሰው ነገሩ የበለጠ ይገባዋል። የበሩ ዛፍ ቅርንጫፍ ጫፉ አጭር፣ ወፍራም፣ የረገፉ ቅጠሎች ጠባሳ ተደራርቦ ያጎበጎበው ነው፤ አበባ የሚወጣው ከእንዲህ ያለው ጫፍ ነው። አናቱ ከተቀነጠሰው ዛፍ ላይ ግን ከመጋዙ ጠባሳ ሥር ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ተመዝዘው የወጡ፣ ልስልስና ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ተጨናንቀው ይታያሉ። እነዚህ አበባ ለመያዝ መብሰል አለባቸው፤ ከመብሰላቸው በፊት ደግሞ እንደገና ይቆረጣሉ። ዛፉ በዚህ ዙሪያ ሲመላለስ ዓመታት አልፈዋል።

አፈሩም ተፈትሿል። ቦታው ዋልካ ነው። ከሣሩ ውስጥ በዶማ 40 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ የወጣው አፈር በእጅ ሲጨበጥ እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል፤ ከጠጠሩ ሥር የወጣው ደረቅና የተሰነጣጠቀ ነው። ዛፉ የዕረፍት ጊዜው እንደመጣ የሚያውቀው ከዚህ ድርቀት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሥሩ እርጥብ ከሆነና ናይትሮጅን ከተጨመረለት ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። አትክልተኛው ይህን ሲሰማ «ውሃ ሲጠማው ነው እንዴ የሚያብበው?» ማለቱ አልቀረም። ለበሰለ ዛፍ መልሱ አዎ ነው፤ ለችግኝ ግን አይደለም፣ ወደዚያ እንመለሳለን።

የወደቁት ቅርንጫፎች ምክንያት ሌላ ነው። ሁለቱም የተሰነጠቁት ግንዱ እኩል ውፍረት ባላቸው ሁለት ክንዶች ከተከፈለበት መንታ ላይ ነው። የተሰነጠቀው ቦታ ሲታይ በሁለቱ ክንዶች መሐል ቅርፊት ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል፤ እንጨት ከእንጨት አልተያያዘም ማለት ነው። የዚህ ዛፍ እንጨት በተፈጥሮው ተሰባሪ ነው፣ አናቱ ሰፊና ከባድ ነው፣ የክረምቱ መግቢያ ዝናብ ሲያርሰው ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። መንታው በሁለተኛው ዓመት በመቀስ ቢስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ንጣፉን ያነሣው ሥሩ ነው፣ በዚህ ክርክር የለም። ዛፎቹ ከእግረኛ መንገዱ አንድ ሜትር፣ ከአጥሩ ሁለት ሜትር ተኩል ርቀው ነው የተተከሉት። የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ከመሬቱ ፊት ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ከግንዱ አጠገብም እየወፈረ ይነሣል፤ ሣሩ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጠጣቱም ሥሩን ከላይ አስቀርቶታል። አጥሩን በተመለከተ ግን ዛፎቹ ያለ ጥፋታቸው ተወቅሰዋል። በስንጥቁ ሥር ሲቆፈር ከመሠረቱ በታች ያለፈ ወፍራም ሥር አልተገኘም፤ ስንጥቁም በበጋ ይከፈታል፣ በክረምት ይጠባል። ይህ የዋልካ ጠባይ ነው፦ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ሲርስ ያብጣል። ዛፎቹ ከአፈሩ ውሃ መምጠጣቸው ሊያባብሰው ይችላል፤ ነገር ግን በዋልካ ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ የብሎኬት አጥር ዛፍ ባይኖርም ይሰነጠቃል። ኮምቦልቻ ውስጥ ዛፍ አጠገቡ የሌለ የተሰነጠቀ አጥር ፈልጎ ማግኘት አይከብድም።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ከሽቦ ሥር ያሉት ስድስቱ በሙሉ ይነሡ። ቢተዉ እስከ ዘላለም አናታቸው ሊቀነጠስ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ቁርጥ የሚወጣው ቀንበጥ ደግሞ አያያዙ ደካማ ስለሆነ እየወፈረ ሲሄድ ይገነጠላል። ከአራቱ የሣር ዛፎች ሁለቱ ይነሡ፤ በመሐላቸው የነበረው ርቀት ሦስት ሜትር ብቻ ነውና አንዱ በሌላው ላይ አጥልቶበታል። የሚነሡት መንታው የከፋው ሁለቱ ናቸው። የበሩ ሁለትና የሣሩ ሁለት፣ በድምሩ አራት ይቀራሉ። ባለቤቱ 12 ዛፍ ተክለው አራት መቅረቱ አልተዋጠላቸውም ነበር፤ አራቱ አናታቸውን ሲዘረጉ ግን ከሽቦው ውጭ ያለውን ርዝመት ይሸፍኑታል።

ከሽቦው ሥር ያሉት የተቆረጡት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያዎች መስመሩን ካቋረጡ በኋላ ነው። በዚህ ላይ አቋራጭ የለም። እርጥብ ቀንበጥ ሽቦ ሲነካ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መሰላል ላይ ያለ ሰው መጋዙ ሽቦ ባይነካም ቅርንጫፉ ይነካል።

ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው ቢተው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ከነሥሩ ተነቅሏል። እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ከስምንቱ ጉቶዎች በሦስቱ ላይ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ችግኙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ እንዳለ ነበር። ሥሩ ፕላስቲኩን መቅደድ ባቃተው በኩል ዙሪያውን ተጠምጥሟል፤ በአንዱ ላይ የተጠመጠመው ሥር ወፍሮ ግንዱን አንቆ ይዞታል። በሌላው ላይ ፕላስቲኩ ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጦ በቢላ ካልሆነ አልወጣም። እንዲህ ያለ ዛፍ ለዓመታት ደህና ይመስልና አንድ ቀን በነፋስ ከነግንዱ ይወድቃል። የቱቦውን ታች ብቻ ቀዶ መትከል በብዙ ቦታ የሚደረግ ነው፤ ትክክሉ ሙሉውን ማውለቅ ነው።

የቀሩት ሁለት የሣር ዛፎች የተቆረጡት ጥር መጨረሻ ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ነው። ያኔ ቁስሉ በዝናብ አይረጥብም። የደረቀው፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውና ወደ ውስጥ የሚያድገው ተነሣ። መንታ በሆነው ላይ አንደኛው ክንድ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም፤ ትልቅ ቁስል በዚህ ዛፍ ላይ ቶሎ አይድንም፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ደካማው ክንድ ወደ ጎን የሚሄድ ቅርንጫፍ እስካለበት ድረስ በሲሶ አጠረ፤ ክብደቱ ሲቀንስ መሰንጠቁም ይቀንሳል። ከሰው ክንድ የወፈረ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሥር በኩል ሲሶው ይቆረጣል። ከዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጥና ቅርንጫፉ ይወርዳል። በመጨረሻ የቀረው ጉማጅ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ከሚያብጠው አንገት ውጭ ይቆረጣል። አንገቱን መቁረጥ ቁስሉን ያሰፋዋል፣ ረጅም ጉማጅ መተው ደግሞ የብስባሽ መግቢያ ያደርገዋል። ቀለምና ኖራ መቀባት አላስፈለገም። በአንድ ዓመት ከአናቱ ሩብ በላይ አይነሣም፤ ከዚያ ካለፈ ዛፉ ወደ ቀንበጥ ይሄዳል፣ ለአበባ ተብሎ የተቆረጠው ለቅጠል ይሆናል።

በእነዚህ ሁለት ዛፎች ሥር ያለው ሣር ከግንዱ ዙሪያ አራት አራት ሜትር ድረስ ተነሥቶ በጠጠርና በተቆራረጠ ደረቅ ቅጠል ተተካ። ሣሩ እዚያ ጥላ ስለሚበዛበትም ቀድሞውኑ ጤና አልነበረውም። ደረቅ ቅጠሉ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይርቃል፤ ካልሆነ ምስጥና ብስባሽ ይጋበዛል። ዩሪያው ቆመ። የጎማው ውሃ ከኅዳር ጀምሮ ወደዚያ እንዳይደርስ ተደረገ። የተነሣው ንጣፍ ተነቅሎ ሥሩ ሳይቆረጥ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ተደረገበት። ንጣፉን ለማስተካከል ተብሎ ከግንዱ አጠገብ ያለ ወፍራም ሥር መቁረጥ የተለመደ ጥፋት ነው። ዛፉ ወዲያው አይደርቅም፣ ግን በዚያ ወገን የያዘው መልሕቅ ሄዷል።

በመጀመሪያው በጋ ለውጡ ትንሽ ነበር። ቅጠሉ በከፊል ረገፈ፣ አበባው ከአምናው ብዙም አልበለጠም፤ ዋልካ ውሃ ይዞ የሚቆይ አፈር ስለሆነና ዛፎቹም ገና ስለተቆረጡ ይህ የሚጠበቅ ነው። በሁለተኛው በጋ አንደኛው ዛፍ ሙሉ በሙሉ ረግፎ ከሚያዝያ ማብቂያ ጀምሮ አናቱን ሸፍኖ አበበ። ሁለተኛው በአንድ ወገኑ ብቻ ነው ያበበው፤ ያላበበው ወገን ወደ ሣሩ ያለው ነው፣ ሥሩ ከጠጠሩ አልፎ አሁንም ከሚጠጣው ሣር ይቀዳል። ባለቤቱ ሣሩን መልሰው ማሳነስ አልፈለጉም፤ ግማሽ አበባ ይበቃል ብለዋል።

ከሽቦው ሥር በተለቀቀው ቦታ አጭሩ የቦትልብራሽ ዓይነት (ጠርሙስ መጥረጊያ የመሰለ አበባ ያለው ተክል) ተተክሏል፤ ከአራት ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ሽቦ አያስቸግርም። በመኪና ማቆሚያው መሐል ደግሞ ሁለት አዲስ የድሬዳዋ ዛፎች እንዲተከሉ ተወስኗል፤ ዘራቸው ከበሩ ዛፎች የተወሰደ ነው። የሚከተለው ለእነዚያ የተያዘው የሥራ ዕቅድ ነው፤ ለሌላ ግቢም ይሆናል።

ቆቡ ጠቁሮ ሲጠነክር ከዛፉ ይወርዳል። በእጅ አይሰበርም፤ በስፌቱ በኩል በመዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ይበቃል። ዘሩ በየክፍሉ ተጋድሞ ይገኛል፣ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ ግማሽ ግራም አይሞላም። ነቀዝ የበሳውና የተሸበሸበው ይጣላል። ቀሪው በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ቆዳው ውሃ ስለማያስገባ ነው የሚቆየው፣ ሳይታከም ከተዘራም አንዳንዱ በሳምንታት፣ አንዳንዱ ከወራት በኋላ የሚበቅለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕክምናው ሙቅ ውሃ ነው። ለአንድ ኩባያ ዘር አሥር ኩባያ ውሃ ይፈላል፣ ከእሳት ይወርዳል፣ ከዚያ ዘሩ ይጨመርበትና እየቀዘቀዘ 24 ሰዓት ይቆያል። ዘሩን እሳት ላይ መቀቀል ይገድለዋል፤ «ቀቅዬው አልበቀለም» የሚለው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። በማግስቱ ያበጠውና ያላበጠው በግልጽ ይለያል። ያበጠው ያንኑ ቀን ይዘራል። ያላበጠው ከእምብርቱ (ዘሩ ከቆቡ ጋር ተያይዞ ከነበረበት ነጥብ) በተቃራኒ ባለው ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ወይም በሞረድ ነጭ ሥጋው እስኪታይ ድረስ ብቻ ይነካና እንደገና ለአንድ ሌሊት ይነከራል። በእምብርቱ በኩል መንካት ፅንሱን ይጎዳል። ጥቂት ዘር ለሚፈልግ ሰው ሙቅ ውሃውን ትቶ ሁሉንም በሞረድ መንካት ይቀለዋል፤ የበለጠም አስተማማኝ ነው።

የሚዘራው ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ ነው፤ ለሐምሌ ተከላ ይደርሳል። ቱቦው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ይሁን፤ ቀዳሚ ሥሩ ፈጥኖ ወደ ታች ስለሚወርድ አጭር ቱቦ ውስጥ ይጠመዘዛል። አፈሩ ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ዋልካ ብቻውን ቱቦ ውስጥ ከገባ ሲደርቅ ከፕላስቲኩ ይለቅና ውሃው በጎኑ ፈስሶ ያልቃል፤ ስለዚህ የላይ አፈሩ ዋልካ ከሆነ አሸዋው ሁለት እጅ ይሁን። ዘሩ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ይቀበራል። የታከመ ዘር በሙቀቱ ወቅት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። እስኪበቅል በየጠዋቱ ይጠጣል፤ ከበቀለ በኋላ የላዩ አፈር መድረቅ ሲጀምር ብቻ። ከልክ ያለፈ ውሃ አንገቱን ያበሰብሰዋል፣ ችግኙ ከአፈሩ ፊት ላይ ቀጥኖ ይዘነበላል፤ አንዴ ከጀመረ የተያዘውን ከነቱቦው ማውጣትና ውሃውን መቀነስ እንጂ የሚያድነው የለም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ቀለል ያለ የሣር ዳስ ይበቃዋል። ቱቦዎቹ በየወሩ ብድግ ተደርገው ከታች የወጣው ሥር ይቆረጣል፤ ካልተደረገ ሥሩ መደቡ ውስጥ ይሰድና በተከላ ቀን ይበጠሳል። እንደ ግራር ናይትሮጅን የሚይዝ እብጠት ሥሩ ላይ ስለማይሠራ ከግራር ሥር አፈር ማምጣት ጥቅም የለውም። ከተከላው በፊት ባለው ወር ዳሱ ይነሣል፣ ውሃውም ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

ጉድጓዱ ግንቦት ላይ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተቆፍሮ ፀሐይ ይመታዋል። የላዩና የታቹ አፈር ለየብቻ ይከመራል። በዋልካ ላይ ጎኑ በአካፋ ተልጎ ከቀረ ሥር የማያልፈው ግድግዳ ይሆናል፤ በዶማ መጫጫር አለበት። ሐምሌ ላይ አንድ ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ከላይ አፈሩ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል፣ ችግኙ የሚቆመውም ከአካባቢው መሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዋልካ ላይ የሚተኛው ውሃ ለጋ ሥር ያፍናል። ቱቦው ከላይ እስከ ታች በምላጭ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ አፈሩ ሳይፈርስ ችግኙ ይገባል፣ አንገቱ በቱቦው ውስጥ ከነበረበት በላይ አይቀበርም። ከግድግዳ፣ ከንጣፍና ከውሃ ቧንቧ ስድስት ሜትር፣ ከሌላ ዛፍ ከስምንት እስከ አሥር ሜትር ይርቃል። ቀና ብሎ ሽቦ አለመኖሩን ማየትም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ለችግኝ ደረቅ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ሊትር ጄሪካን ሙሉ፣ በአንድ ጊዜና ቀስ ተብሎ ይጠጣል፤ በየቀኑ አንድ ጣሳ ማፍሰስ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። በሁለተኛው በጋ በሁለት ሳምንት አንዴ ይሆናል፣ በሦስተኛው ይቆማል። ኮምቦልቻ ላይ በመጀመሪያው ኅዳርና ታኅሣሥ ችግኙ ለሌሊት በሣር ወይም በጆንያ ዳስ ቢሸፈን ጫፉ አይቃጠልም። ፍየል ካለ የእሾህ አጥር የግድ ነው።

ከተከላው ሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ጥር በመጣ ቁጥር መቀስ ይያዛል። አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ይመረጥና ከእሱ ጋር የሚወዳደረው ሁሉ ያጥራል። ከግንዱ ግማሽ ውፍረት የሚበልጥ የጎን ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ መኪና ሥሩ ለሚቆምበት ቦታ የመጀመሪያው ቋሚ ቅርንጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል በታች አይሁን። የታችኞቹ ቅርንጫፎች ግን በአንድ ዓመት ሁሉም አይነሡም፣ ግንዱ የሚወፍረው በእነሱ ነውና። ከዘር የተነሣ ዛፍ በቆላው በአምስተኛው ዓመት ገደማ ማበብ ይጀምራል፤ በዚህ ከፍታ ሁለት ሦስት ዓመት ቢጨምር አያስገርምም፣ ያኔ ማዳበሪያ ማፍሰስ የባሰ ያዘገየዋል።

ዘር ሳይዘራ ችግኝ ለሚገዛ ሰው የሚያሰጋው ከጃካራንዳ ጋር መምታታቱ ነው። ሁለቱም በችግኝነታቸው ላባ የመሰለ ቅጠል አላቸው፣ ችግኝ ጣቢያም ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ስህተቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ሐምራዊ አበባ ሲወጣ ነው። ጃካራንዳ ቅጠሎቹ ከግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ ትንንሾቹ ቅጠሎችም ጫፋቸው ሹል ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ቅጠሎች አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ይወጣሉ፣ ትንንሾቹም ጫፋቸው ክብ ነው።